ቅቤ የቀመሰ ጎማ

ሰቢሪና ምን እንዳጠፋች የገባት ቮልሷ ለሁለተኛ ጊዜ አፍስሳ ስትመለስ ነው። በመጀመሪያውማ አልጠረጠረችም፤ ወይ ደሞ ጠርጥራ እንዳልጠረጠረች ሆናለች፣ እሱን አላህ ነው የሚያውቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ዘይነዲን፣ እሷ ባባ የምትለው፣ ሮቤ ውስጥ የመኪና መስታወት ይገጥማል። ከጊኒር የመጣ አይሱዙ በለው፣ ከገሰራ የመጣ ሚኒባስ፣ የፊት መስታወቱ ካፈሰሰ እሱ ጋ ነው የሚቆመው። ሰቢሪና ደሞ አስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና ውጤት እየጠበቀች ነው። ቤት ተጋድማ ስልክ ከምትነካካ ብሎ ጋራዥ ይዟት ይሄዳል። ጣቷ ቀጭን ስለሆነ መስታወቱን ዙሪያውን የሚይዘው ጎማ ስር ሲባጎ ለመክተት እንደሷ የሚሆን የለም።

የቮልሷ ባለቤት ጋሽ ኃይለየሱስ ናቸው፣ የጎባ ሰው፣ ጡረታ የወጡ ጸሐፊ። መኪናዋ ዘይነዲንን በዕድሜ ትበልጠዋለች። ዝናብ በመጣ ቁጥር በመስታወቷ ጥግ ውሃ ይገባና የባለቤታቸው የእትዬ እኅተማርያም ጉልበት ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እትዬ ሪህ አለባቸው። የጎባን ብርድ ደሞ ለማያውቀው ማስረዳት አይቻልም።

"አካም ጅርቱ ዘይነዲን" አሉ ጋሽ መጀመሪያ ሲመጡ። "በናትህ ይህቺን አሮጊት አድርቅልኝ። እኅተማርያም መኪና ውስጥ ጃንጥላ ዘርግታ መቀመጥ ጀምራለች። ሰው እያየ ይስቅብናል።"

"የቷን አሮጊት ነው የማደርቀው ጋሼ?"

"ቀስ በል፣ ብትሰማህ ሁለታችንንም ነው የምታደርቀን።"

ለእንደዚህ ዓይነት መኪና አዲስ ጎማ ከየት ይመጣል? አሮጌውን አውጥቶ ማጠብ ነው። ከዛ መስታወቱን ጎማው ውስጥ መክተት፣ የጎማው ቦይ ውስጥ ዙሪያውን ሲባጎ መቅበር፣ በሳሙና ውሃ ማላላት። አባት ከውጪ መስታወቱን ሲገፋ ልጅ ከውስጥ ሲባጎውን ትስባለች፤ ያኔ የጎማው ከንፈር ብረቱን እየነከሰ ይገባል። ሲደርቅ ስሩ ሲሊኮን ይሞላና ይታሸጋል።

ሰቢሪና የሳተችው ሳሙናው ላይ ነው። የዛን ቀን ሳሙና አልቋል። ሱቁ ማዶ ነው፣ አስር እርምጃ። እሷ ግን ከጓደኛዋ ከማሂ ጋር ወሬ ይዛለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ደሞ አያቷ ለፀጉሯ የላኩላት ለጋ ቅቤ በብልቃጥ አለ። ማላላት ከሆነ ቅቤም ያላላል አለችና ዙሪያውን ለቀለቀችው። ጎማው ሸርተት ብሎ ገባ።

"እንዴ፣ በአንድ ትንፋሽ!" አለ ባባ። "እጅሽ ይባረክ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ።"

ምስጋናው ጣማት። የቅቤውን ነገር አላነሳችም። ሽታውን እንደሁ ማንም አልጠየቀም፤ ፀጉሯ ሁሌም ቅቤ ቅቤ ይላል።

ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ ኃይለየሱስ ተመለሱ። "ዘይነዲን፣ በፊት በአንድ ጥግ ነበር፣ አሁን በሁለት ሆነ። እድገት ነው።"

ባባ ሳቀ፤ ሲሊኮኑን ፍቆ መስታወቱን ሳያወጣ እንደገና ሞላው። ማክሰኞ መኪናዋ ደግማ መጣች። ጋሽ ጥለዋት በሚኒባስ ተመለሱ። ባባ ሲሊኮኑን በጥፍሩ ነካ ሲያደርገው እንደ ሙዝ ልጣጭ ተላቀቀ። ሰቢሪና አጎንብሳ ስታይ ቦዩ ውስጥ ቢጫ ነገር አብለጨለጨ። የራሷ ቅቤ ነው። ሲሊኮን ቅባት ላይ አይዝም፤ ይሄን ደሞ ባባ ራሱ ነው መቶ ጊዜ የነገራት።

ባባ ግን ቢጫውን አላየም። "ዓይኔ ነው" አለ። "ሲሊኮኑን ስሞላ የሆነ ቦታ እየዘለልኩ ነው።"

ከዛ ቀን ጀምሮ እጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ ጣቶቹን ያያል፣ አንዱን ዓይን ጨፍኖ በሌላው ይሞክራል። ሐሙስ ከዲንሾ አንድ ሰው ላንድክሩዘር ይዞ ሲመጣ "ሻሸመኔ ውሰደው" ብሎ መለሰው። ቅዳሜ ምሳ ላይ ደሞ እንጀራውን እየቆረሰ "ከሰኞ ጀምሮ አልከፍትም" አለ። "ወንድሜ ሃረና ቡና ይሰበስባል፣ እሱ ጋ እሄዳለሁ። እስከዛሬም የገጠምኩት ሁሉ ሲያፈስ ኖሮ ሰው አፍሮ ይሆናል ያልነገረኝ።"

ሰቢሪና የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው።

"ባባ፣ ዓይንህ ደህና ነው።"

"ሐኪም ሆንሽ?"

"ቅቤ ነው።"

"ምኑ?"

"ሳሙና አልቆ ነበር። ጎማውን ቅቤ ቀባሁት፣ መጀመሪያ ቀን።"

ባባ እጁን ከትሪው አነሳ። "ሱቁ ማዶ አይደለም እንዴ?"

"ማዶ ነው።"

"ታዲያ?"

"ሰነፍኩ።"

ቢጮህባት ይሻላት ነበር። "መቼ ነው ያወቅሽው?" አላት ቀስ ብሎ። የፈራችው ይሄንኑ ነበር።

"ማክሰኞ።"

በጣቱ ቆጠረ። "አምስት ቀን። አምስት ቀን ሙሉ ጣቴን ስመረምር ቁጭ ብለሽ ታዪኝ ነበር።"

"አዎ።"

"ቅቤውስ ይታጠባል" አለና ተነስቶ ጫማውን አደረገ።

ጋራዥ ሄደው መስታወቱን አወጡት። ጎማውን በፈላ ውሃና በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠበችው፣ ቦዩን በጥርስ ብሩሽ ፈተገችው፣ ጣቷ ተጨማደደ። ባባ ከ"ያዢ" እና ከ"ሳቢ" ሌላ ቃል አልወጣውም። በማግስቱ ሲሊኮኑ ደርቆ በጄሪካን ውሃ ሲያፈስበት እሷ ውስጥ፣ የእትዬ እኅተማርያም ቦታ ላይ ተቀምጣ ጥግ ጥጉን አየች። ጠብ አላለም።

"ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምንከፍተው?" አለችው ስትወርድ፣ ፈራ ተባ እያለች።

"ሁሌ በምንከፍትበት።" ስልኩን አቀበላት። "ለጋሼ ደውይላቸው።"

"አለቀ ልበላቸው?"

"ለምን እንዳፈሰሰ ንገሪያቸው። እኔ ዓይኔ ደክሟል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። እሱን አንቺ አስተካክይ።"

ስልኩን ያነሱት እትዬ ናቸው። "ዘይነዲን? ዓይንህ እንዴት ሆነልህ ልጄ? እምነትህ ካልከለከለህ ጠበል ላስመጣልህ ብዬ ኃይለየሱስን ስጠይቀው ነበር።"

ሰቢሪና አባቷን አየችው። ባባ ጀርባውን ሰጥቷት ሲባጎ ይጠቀልላል።

"እኔ ነኝ እትዬ፣ ሰቢሪና። የባባ ዓይን ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የኔ ነው" አለች፤ ቀጥሎ ምን እንደሚባል ስላላወቀች፣ ከሳሙናው ጀመረች።