የታጠበው ካምቢዮ

በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. የደባርቅ ገበሬዎች ማኅበር አንድ አዲስ የጭነት መኪና ነበረው፤ ሾፌሩ እኔ ነበርሁ። ጭነን ሊማሊሞን ስንወጣ በማርሽ ሳጥኑ፣ በካምቢዮው ውስጥ፣ የሁለተኛው ማርሽ ጥርስ ተሰበረ። የመኪናው ዋስትና አላለቀም ነበርና ጎንደር ያለው ወኪል፣ “አሮጌውን ካምቢዮ አምጡ፤ በምትኩ ፋብሪካ ያደሰውን ትወስዳላችሁ” ብሎ ላከብን።

ካምቢዮውን ያወረደው አይቸው የሚባል መካኒክ ነው። ከዳባት በታች ከነበሩት የቤተ እስራኤል አንጥረኞች ወገን ነው፤ ዛሬ ከነልጆቹ እስራኤል አገር ይኖራል። ያን ጊዜ ግን ከደባርቅ እስከ አዲርቃይ መኪና የቆመበት ሾፌር ሁሉ የሚያስጠራው እሱን ነበር።

ካምቢዮው በጥቁር ዘይት ተለውሷል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ያርጋል አዩትና፣

“የሰው ዕቃ እንዲህ ሆኖ ይመለሳል? የተዋሱት እንስራ እንኳ ታጥቦ ነው የሚመለሰው!” አሉ።

አይቸው ፈታትቶ በናፍጣ አጠበው። በዚህም አልበቃው፤ ጥርሱ እንደተሰበረ መላኩ አሳፈረው። ሦስት ቀን ሙሉ ብረት ቀጥቅጦ፣ ሞርዶ፣ አዲስ ጥርስ ተከለለት። እኛም “እሰይ፣ አላሳፈርኸንም” አልነው።

በአውቶቡስ ጣሪያ ጭኜ ጎንደር ወሰድሁት። የታደሰው ካምቢዮ ግራጫ ቀለም ተቀብቶ፣ በእርሳስ ማኅተም ታሽጎ ሳጥኑ ውስጥ ይጠብቀኛል። የወኪሉ ባለሙያ የእኛን ከፍቶ አየ።

“ማን ነካው?”

“የእኛው አይቸው ነዋ! አጥቦ፣ ጠግኖ ላከላችሁ” አልሁ በኩራት።

ሰውየው ሊስቅም ሊቆጣም አቃተው። “ወንድሜ፣ ሌላ እጅ የከፈተውን ዋስትናው አይሸፍነውም። ይዘኸው ተመለስ።”

አይቸው ይህን እንደሰማ ካምቢዮውን መኪናው ላይ መልሶ ገጠመው። ሠላሳ ኩንታል ገብስ ከሊማሊሞ ግርጌ ወዳለችው ዛሬማ ከተማ መውረድ ነበረበት፤ ሊማሊሞን ደግሞ ፍሬን ብቻ አምኖ የሚወርድ የለም። ሁለተኛው ማርሽ ከከዳ ገደል ነው። አቶ ያርጋል “ከሾፌሩ ከድረስ በቀር ማንም እንዳይሳፈር” ብለው አዘዙ።

አይቸው ጋቢናውን ከፍቶ ገባ።

“አያ አይቸው፣ ልጆች አሉህ እኮ” አልሁት።

“አንተስ ከቋጥኝ ነው የተወለድኸው? ንዳው!”

ማርሹ እያዜመ ወረድን። በየጥምዝምዙ አይቸው ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁን ያዳምጣል። ያን መንገድ ከዚያ በኋላ ስንት መቶ ጊዜ ወርጄዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ትዝ የሚለኝ ግን የለም።

ዛሬማ ስንደርስ ከመኪናው ሥር ገብቶ ካምቢዮውን በመዳፉ ቢነካው አቃጠለው። እጁን እያራገበ ወጣ፤ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

“በል አራግፍ” አለኝ፤ “ማሽላ ጭነን መውጣቱም አለ።”