የእማማ ትሪንግ ፊት

«አምጪው ማበጠሪያውን» አለ ሮሚ፣ ከሳሉድ እጅ ነጠቅ አድርጎ። «ጀርባሽን ስጪኝ። ይሄን ፀጉር ይዘሽ እንግዳ ፊት ልትቀመጪ? እናትሽ ብታይሽ ሁለተኛ ትሞታለች።»

ሳሉድ ጀርባዋን ሰጠችው። ሬሳ ባለበት ቤት ፀጉር አይበጠርም፣ ገላም አይታጠቡም፤ ደንቡን የጣሰ ሟችን ይከተላል ይባላል። እናም የፓኪል ከተማን ሴቶች ሁሉ ስታበጥርና ስታኳኩል ዕድሜዋን የፈጀችው እማማ ትሪንግ በገዛ የውበት ሳሎኗ መሐል ተጋድማ፣ አንድ ልጇ ለመበጠር በጓሮ በር ወደ ጎረቤት ትመላለሳለች። ጎረቤቱ ሮሚ ነው። ወንድ ሆኖ ጥፍሩን ይቀባል፣ ቅንድቡን ይቀነደባል፤ ከተማውም እንዲሁ እንዳለ ተቀብሎት ይኖራል። በትሪንግ ሳሎን ያደገ ፀጉር ሠሪ ነው፤ ምላሱ ከመቀሱ ይሰላል።

«ዛሬስ አየሻት?» አላት፣ የተቋጠረውን ፀጉር እየፈታ።

«አላየኋትም።»

«ነገ እኮ ነው ቀብሩ።»

«ሳጥን ውስጥ የተኛችው ሴትዮ እናቴ አይደለችም፣ ሮሚ። ማንን ልይ?»

ሮሚ በዚህ አልቀለደም። እሱም ያየውን አይቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳሉድ ከማኒላ እስክትደርስ የእናቷ ታናሽ እህት ቲታ ሉች፣ በአገሩ ቋንቋ አክስት ሉች፣ ሁሉንም ጨርሳ ጠበቀቻት። ሳጥኑን መርጣ፣ ድንኳኑን አስተክላ፣ የእህቷን ፎቶ በትልቅ ሸራ አሳትማ ደጃፍ ላይ ሰቅላለች። ፎቶው ከስልኳ የወጣ ነው። ስልኩ ደግሞ እንደ ዘመኑ ስልክ ሁሉ ሳይጠየቅ ፊት የሚያነጣ፣ አፍንጫ የሚያቀጥን፣ ሽብሽብ የሚያጠፋ ነው። ቲታ ሉች ያንኑ ፎቶ ለሬሳ አሰናጆቹ ሰጥታ «ልክ እንደዚህ አድርጉልኝ» አለቻቸው። ሰዎቹም የታዘዙትን አደረጉ።

ስለዚህ በሳጥኑ መስታወት ክዳን ስር የተኛችው ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጉንጯ የቀላ ሴት ነበረች። ጆሮዎቿ ብቻ ጠይም እንደሆኑ ቀርተዋል፤ የቀባት ሰው ረስቷቸዋል። ሳሉድ ሳጥኑ ዘንድ የቆመችው አንዴ ነው። እንባዋ አልመጣም። እናቷ ሞታ እንባ ሲከለከላት ደንግጣ ሸሸች። ከዚያ ወዲህ የሚያስፈራት አንድ ነገር ነው፤ እናቷን ሳትሰናበት፣ የማታውቃትን ሴት ቀብራ ወደ ማኒላ መመለስ።

ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። ከድንኳኑ ስር ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች ይንጫጫሉ፤ ሌሊቱን ለሟች ነቅቶ ማደር በጨዋታ ነው የሚቻለው። ሴቶቹ ቡናቸውን በወረቀት ኩባያ ይዘው፣ ኦቾሎኒ እየፈለፈሉ በሳጥኑ ዙሪያ ይንሾካሾካሉ።

«አቤት ሲያምርባት። የእስፓኝ ሴት ነው የመሰለችው።»

«ድሮም አፍንጫዋ ቀጥ ያለ ነበር።»

«የማን? የትሪንግ? አንቺ ደግሞ ሬሳ ፊት ትዋሻለሽ።»

ሳሉድ በመሐላቸው አልፋ ማድ ቤት ገባች። ቲታ ሉች ለእንግዳ ብስኩት ትደረድራለች።

«ቲታ፣ ፊቷን እንጥረገው። እሷን አትመስልም።»

«እሷን ስላልመሰለች እኮ ነው ያማረባት» አለች ቲታ ሉች። ወዲያው ከአፏ ባመለጣት ነገር አፈረችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚ ልጄ። በልጅነታችን ትሪንግን ‹ከሰል› ነበር የሚሏት። በግንቦት ለቤተ ክርስቲያን መልአክ የሚሆኑ ልጆች ሲመረጡ እኔን ይወስዱኛል፣ እሷን ደጅ ይተዋታል። ክንፌን የምታስርልኝ እሷ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልጅ ስታስውብ ኖረች፤ አንድ ቀን እንኳ ለራሷ ይሁንላት ብዬ ነው። ደግሞ ሬሳ በቤት እያለ ማኳኳል ምን እንደሚያስከትል አታውቂም? ለሞት ማንን ልትሰጪ ነው? እኔን ነው?»

አክስቷ ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር።

ሳሉድ ወደ ሳሎኑ ተመልሳ ከግድግዳው ስር ተቀመጠች። ከራሷ በላይ የድሮው ፖስተር አለ፤ ወተት የመሰለች ሴት ሳሙና ጉንጯ ላይ ይዛ ትስቃለች። ከፖስተሩ ስር የፓፓያ ሳሙና ይደረደር ነበር፤ ቆዳ ያነጣል የሚባለው። ሳሉድ ልጅ ሳለች፣ አንድ ቀን በትምህርት ቤት የሆነ ነገር ብለዋት ስትመለስ፣ አንዱን ሳሙና ሰርቃ መታጠቢያ ቤት ገባችና ክንዷ እስኪለበልባት ፈተገችው። እናቷ በሩን ከፈተች። አልተቆጣችም፣ አላቀፈቻትም። የቀላውን ክንድ አየችና ሳሙናውን ወስዳ በሽርጧ አደረቀችው።

«ይሄ ለደንበኛ ነው» አለቻት። «ለአንቺ አይደለም።»

ልጅቷ የገባት፣ አንቺ ተስፋ የለሽም፣ ሳሙናም ቢባክንብሽ ያሳዝናል የተባለች ያህል ነው። ያቺን ቃል ይዛ አደገች፤ ያቺን ቃል ይዛ ማኒላ ገባች። ዛሬ በትልቅ የገበያ አዳራሽ ውስጥ የታወቀ የውጭ ፓውደር ትሸጣለች። ለጠይም ደንበኛ «ይሄ ትንሽ ያፈካሻል» ማለት ሥራዋ ነው። ይህን ስትል ሁልጊዜ የእናቷ ፊት ትዝ ይላታል፤ ትቀየማታለችም።

«ቦታ አለ?» አለች አንዲት ወፍራም ሴት፣ ማራገቢያዋን እያርገበገበች። ዴሊያ ናት፣ በገበያው ዓሣ የምትሸጠው። አጠገቧ ዘፍ አለች። «እናትሽን ሳስብ ምን ትዝ እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? ያቺ ፓውደር። ማዳም ኦርቴል፣ ቆርቆሮዋ ላይ ባለ ባርኔጣ ፈረንጅ ያለችው። እስከ ዛሬ እየፈለግኳት ነው።»

«የቱ ጊዜ ነው?»

«ንግሥት እሌኒ ሆኜ የወጣሁ ጊዜ ነዋ። ለግንቦቱ የመስቀል ሰልፍ ቄሱ እኔን መረጡ፤ ከተማው በሳቅ ሞተ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ ፀሐይ ያከሰላት። እናቴ ለትሪንግ ‹ሰው እንዳይስቅብን አንጭልኝ› አለቻት። ትሪንግም ‹እሺ፣ ከፓሪስ የመጣ አለኝ› ብላ መስኮት ዳር አቆመችኝና አንገቴን ብቻ አየች። እንዲያው ዝም ብላ አየች፤ አፈርኩ እኮ።»

ዴሊያ ማራገቢያዋን አቆመች።

«ማታ በአበባው ቅስት ስር፣ መስቀሉን ይዤ፣ ሻማው በግራ በቀኝ ሆኖ ስወጣ መንገዱ ጸጥ አለ። ሊስቁ የመጡት ሁሉ። እናቴ መጀመሪያ አላወቀችኝም፤ ኋላ ስታውቀኝ አለቀሰች። ነጭ አልነበርኩም እኮ ልጄ። ያው ጠይሟ እኔ ነበርኩ። ግን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን ሆኜ አላውቅም። ከዚያ ማኒላ ሄጄ ያንኑ ቆርቆሮ ገዛሁ። ተቀብቼ መስታወት ሳይ ሊጥ የተደፋባት ነው የመሰልኩት። ልጆቼ ሮጡ።»

ሳሉድ ፓውደር ሻጭ ናትና ታውቃለች። ማዳም ኦርቴል ጠይም ቀለም ሠርቶ አያውቅም። ዓይኗን አንስታ ሮሚን ፈለገችው። ሮሚ የቡና ኩባያውን ፊቱ ላይ ደቅኖ ወደ ኮርኒሱ ያያል።

«ሮሚ፣ የእናቴ ጓዳ ቁልፍ የት ነው?»

«የምን ጓዳ?»

«ሮሚ።»

ሰጣት።

በጓዳው ውስጥ የማዳም ኦርቴል ቆርቆሮዎች ከመደርደሪያው ታች እስከ ላይ ተደርድረዋል፤ ባለ ባርኔጣዋ ፈረንጅ ከሁሉም ላይ ፈገግ ትላለች። ሳሉድ አንዱን ከፈተች። ቀለሙ ቀረፋ። ሌላውን ከፈተች። የተቆላ ሩዝ። ሦስተኛው ከቀረፋውም ከሩዙም የማይገናኝ፣ ወደ ቀይ አፈር የሚያደላ። ከፈተች፣ ከፈተች። አንዱ ቆርቆሮ ከአንዱ አይመሳሰልም። እሷ በምትሠራበት የሚያብለጨልጭ አዳራሽ ጠይም ሰው ሁሉ በአንድ ስም ተጠርቶ ወደ ዳር ይቀመጣል፤ እዚህ ጠባብ ጓዳ ውስጥ ግን የከተማው ሴቶች በሙሉ፣ እያንዳንዳቸው በየመልካቸው ቆመዋል።

«አስምላኝ ነው» አለ ሮሚ በሩ ላይ። «የፈረንጁን ነጭ ትገዛና ካካዎ ትወቅጣለች፣ ቀይ አፈር በሻሽ ትነፋለች፣ ሩዝ ትቆላለች። የሴትየዋን አንገት አይታ ነው የምትቀላቅለው። ‹እማማ፣ በስምሽ ለምን አትሸጪም?› ብላት ሳቀችብኝ። ‹ጠይም ፓውደር ብዬ ብሸጥ ማን ይገዛኛል? ከፓሪስ ነው ስላቸው በገዛ መልካቸው ይወጣሉ። ፓሪስ ያስዋባቸው ከመሰላቸው ይምሰላቸው› አለችኝ።»

«ሳሙናውንስ? ሳሙናውን ለምን ትሸጥ ነበር?»

«በምን የተማርሽ መሰለሽ? ጠየቋት፣ ሸጠች። ቅድስት ነበረች አላልኩሽም። አንቺን ግን አንድ ቀን አስነክታሽ ታውቃለች?»

ሳሉድ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ለአንቺ አይደለም። ያን ሁሉ ዘመን ቃሉን ተሸክማ፣ አንድም ቀን ገልብጣ አላየችውም ነበር። እናቷን የናቀቻት፣ የተቀየመቻት እሷ፣ ይህቺን ሴት ጨርሶ አታውቃትም። አሁን ስታውቃት ደግሞ ነገ ልትቀብራት ነው።

«የራሷ የትኛው ነው?»

«እኔ እንጃ። ለራሷ ስትቀባ ሰው አታስገባም።»

ሳሉድ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ የክንዷ ቀለም የእናቷ ነው። ከአንዱ ቆርቆሮ ቆንጠር አድርጋ ክንዷ ላይ አሸችው፤ ነጣ። ከሌላው፤ ቀላ። ክንዷ ዥንጉርጉር እስኪሆን ሞከረች። በኋላ ከጥግ ካለው፣ ግማሹ ካለቀው ቆርቆሮ ወስዳ ስታሸው የት እንደገባ ጠፋት። ወደ መብራቱ ጠጋ አለች፤ ክንዷን አዟዙራ ፈለገችው። የለም። ከቆዳዋ ጋር አንድ ሆኗል።

«ይሄ ነው» አለች።

«በዚህ ቤት አይሆንም» አለ ከኋላ የቲታ ሉች ድምፅ። መቼ እንደመጣች ማንም አላያትም። የተከፈቱትን ቆርቆሮዎች ታያለች።

«ማን ቤት ውስጥ እናድርገው አለ?» አለ ሮሚ። «ሳጥኑ ነገ ከደጃፍ ከወጣ በኋላ መንገድ ላይ ነው። መንገድ ላይ ማበጠር የሚከለክል ደንብ የለም።»

«ሰው ሁሉ እያየ? ደግመው ከሰል ይበሏት?»

«ማን ነው የሚላት?» አለች ሮሚን ተከትላ የመጣችው ዴሊያ። «ይምጣና በእኔ በኩል ይለፍ።»

ቲታ ሉች ፊቷን አዙራ ሄደች።

በማግስቱ ሳጥኑ ወጣ። የከተማው ባንድ ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ ሆኖ ወደ ሐይቁ ቁልቁል ወረደ። ትንሿ ጸሎት ቤት ደጅ ሲደርሱ ሮሚ እጁን አነሳና ባንዱ ዝም አለ። ሳጥኑን በሁለት ወንበር ላይ አሳረፉት። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሳሉድ ቆርቆሮውን ደረቷ ላይ ይዛ አክስቷን በዓይኗ ፈለገቻት፣ አጣቻት።

ያኔ ዴሊያ ጃንጥላዋን ከፍታ ሳጥኑ አጠገብ ቆመች። ከሰልፉ መሐል ሌላ ሴት ወጣችና የራሷን ከፈተች። ሌላም። አንዷ ሽበት የወረሳት፣ አንዷ ሕፃን ያቀፈች። ሳሉድ አንድ በአንድ አወቀቻቸው፤ በየግንቦቱ በዚህ መንገድ በአበባ ቅስት ስር ያለፉት ንግሥቶች ናቸው። ማንም አልጠራቸውም። ጃንጥላ ከጃንጥላ እየገጠመ ሄዶ እማማ ትሪንግን ከመንገድ ዓይን ጋረዳት። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጀርባቸውን ሰጡ።

መስታወቱ ተነሳ። ሳሉድ በኮኮናት ዘይት የራሰውን ጨርቅ ይዛ ከየት እንደምትጀምር ጠፋት።

«ጆሮዋ ደህና ነው» አለ ከጎኗ አንድ ድምፅ። ቲታ ሉች ናት፣ ጃንጥላ ይዛለች። «ጆሮዋን አትንኪ። ከጆሮዋ ጋር አስተካክዪው።»

ጠረገች። ነጩ ለቀቀ። የግንባሯ ሽብሽቦች ወጡ፣ ከዓይኗ ስር ያለው ጥላ ወጣ፣ ከከንፈሯ በላይ ያለችው ምልክት ወጣች። እናቷ መጣች። የሳሉድ እንባም ያኔ መጣ፤ መምጣት ብቻ ሳይሆን ወረደ። የሐዘንተኛ እንባ ሟች ላይ ከወደቀ የሟች መንገድ ይከብዳል ይባላል። ቲታ ሉች ጃንጥላዋን በአንድ እጇ እንደያዘች በሌላው እጇ የሳሉድን ጉንጭ በመሐረብ ታብስ ጀመር። አንዷ የሟችን ፊት ስትሠራ አንዷ የሠሪዋን ፊት ታብሳለች።

ሳሉድ የእናቷ ቀሚስ እንዳይቆሽሽ በአንገቷ ዙሪያ ጨርቅ ሸጎጠችላትና ፓውደሩን አሳረፈችባት። ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን። ስትጨርስ ጠይም፣ በዕድሜ የገፋች፣ ቆንጆ ሴት ተኝታለች። አይተው የማይጠግቧት ነበረች።

«እሷ ናት» አለች ቲታ ሉች።

ሮሚ መስታወቱን ለያዙት ሰዎች ምልክት ሰጠ። «ቆይ» አለች ሳሉድ። ጨርቁን ከአንገቷ ላይ አነሳች። ትንሽ ፓውደር ቅንድቧ ላይ ተርፏል። ጎንበስ ብላ፣ ወንበር ላይ ለተቀመጠች ደንበኛ እንደሚደረገው፣ በመዳፏ የእናቷን ሽፋሽፍት ከለል አደረገችና ቀስ ብላ እፍ አለችባት፣ ዓይኗ እንዳይገባ።