የአራስ ቤቱ መስኮት

ውዴን ሰዎች ቢያሟት ግድ የላትም፤ ቤቷን ካሙባት ግን አለቀ። ደብረ ታቦር ያለውን ይህን ቤት ከባሏ ከአስናቀ ጋር ጭቃ አቡክታ፣ ግድግዳውን በገዛ እጇ ለቅልቃ ነው የሠራችው። ስለዚህ የልጇ የአዲስዓለም አማት፣ የገሳይ ከተማዋ ወይዘሮ ብዙነሽ፣ «እኔን የጣለ ቤት ውስጥ አራስ አይተኛም» ማለታቸውን ስትሰማ ደሟ ፈላ።

ነገሩ የመጣው ከአዲስዓለም ሠርግ መልስ ቀን ነው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ደረታቸውን ነፍተው ሲገቡ የበሩ ደፍ አደናቀፋቸውና ከነክብራቸው ተዘረጉ። እድምተኛው ሁሉ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። ውዴም ሸፍና ነበር፤ ወይዘሮ ብዙነሽ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መርጠው ያዩት የእሷን ሳቅ ነው።

አሁን አዲስዓለም የመጀመሪያዋን ልትወልድ ደርሳለች። ጤና ጣቢያ ትውለድ እንጂ አራስነቷን የምትጨርሰው እናቷ ቤት ነው፤ ወጉ እንዲያ ነው። አማቲቱ ግን፣ «እሁድ ይዣት መጥቼ ቤቱን አያለሁ። ካላማረኝ ይዣት እመለሳለሁ» ብለው ላኩ።

«ይምጡ!» አለች ውዴ፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ።

ደፉን አስናቀ ጠርቦ ከመሬት እኩል አደረገው። እሷ ደግሞ በአራት እግሯ እየዳኸች ቤቱን መዞር ያዘች።

«ምን ጠፋሽ?» አላት አስናቀ።

«የልጅ ልጄ ጣት የሚገባበት ቀዳዳ።»

ልጁ ገና አልተወለደም፤ ለውዴ ግን ነገ የሚድህ ነው። ዝቅ ብላ ስታይ ቤቷ ሌላ ቤት ሆነባት። አልጋ ሥር የነቀዝ መድኃኒት በዘይት ጠርሙስ ተቀምጧል፤ ያስቀመጠችው ራሷ ናት። አፈረች። ጎተራው ቤት ወስዳ ቆለፈችበት። የተላጠውን የመብራት ሽቦ በባለሙያ አስቀየረች፤ ጓሮ ያለውን አሮጌ የእህል ጉድጓድ በድንጋይና በአፈር አስደፈነች። ይኼን ሁሉ ስትጨርስ ወገቧን ይዛ ቆመችና ቤቷን አየችው። ኮራችበት።

ከሁሉ የምትኮራበት ግን የአራሷ ክፍል ነው። የጉና ተራራ ብርድ አራስና ሕፃን እንዳይነካ ስንጥቁን ሁሉ ለቀለቀች፣ ትንሿን መስኮት በጭቃ መረገች፣ በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለች። ልስኑ እንዲደርቅ ከሰል አቀጣጥላ ስታስገባ ሰነበተች። ራሷን ሲወቅራት «ድካም ነው» አለች። ከሰል አፍኖ እንደሚገድል ሳትሰማ ቀርታ አይደለም፤ ግን እሱ የሰው ቤት ወሬ ነው። የእሷ ከሰል ደህና ተቀጣጥሎ የገባ፣ ጭስ የሌለው ነው።

እሁድ ወይዘሮ ብዙነሽ አዲስዓለምን ይዘው መጡ። ደፉን በዓይናቸው ፈለጉት፤ የለም። ሽቦውን አዩ፣ ጓሮውን አዩ፣ አንድ እንከን አጡ። ውዴ ከፊት ከፊት እየሄደች ታሳያቸዋለች፤ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። በመጨረሻ የአራሷን ክፍል ከፈተች፤ የከሰል ምድጃው ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነው።

«ግቡ፣ ግቡ! በሩን ዝጉት፣ ብርድ እንዳይገባ።»

ተቀመጡ። ሙቀቱ ደስ ይላል። ወይዘሮ ብዙነሽ እንኳ፣ «ይኼስ ሙያ ነው» አሉ። ውዴ ይህን ቃል ስትናፍቅ ነው የሰነበተችው። ልስኑን እንዴት እንደሠራች ስታወራ፣ ስታወራ፣ አዲስዓለም ግንባሯን ያዘች።

«እምየ፣ ራሴን ወቀረኝ። ያዞረኛል።»

ወይዘሮ ብዙነሽም ዓይናቸውን እያሹ ነው። ውዴ ምድጃውን አየች፣ የተመረገውን መስኮት አየች። የሰነበተባት ራስ ምታት ምን እንደሆነ ገባት፤ የሰው ቤት ወሬ ያለችው እሷው ቤት ገብቷል። ሙቀቱ ከብዷቸው ነው ብላ ወደ ሳሎን ብትወስዳቸው ማንም አያውቅባትም። እውነቱን ብትናገር ልጇ ወደ ገሳይ መሄዷ ነው። ግን የልጇን ፊት አየች።

«ተነሡ!» ብላ ጮኸች። «ውጡ! ከሰሉ ነው! በገዛ እጄ ልገድላችሁ ነበር!»

ልጇን በብብቷ ደግፋ፣ አማቲቱን በእጃቸው ጎትታ ደጅ አወጣች። አስናቀን ከጓሮ ጠርታ ምድጃውን አስወጣችው። ነፋስ ላይ ሲቀመጡ የአዲስዓለም የፊቷ መልክ ተመለሰ፤ አስናቀም ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሊያደርሳት ባጃጅ ፍለጋ ሮጠ። ውዴ ግን ዶማ አንሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ያን የደከመችበትን ልስን እየመታች ናደችው። መስኮቱን ብቻ አይደለም፣ ከላይ ከጣሪያው ሥር ሌላ ቀዳዳ በሳች። ጭቃ በጭቃ ሆና ስትዞር ወይዘሮ ብዙነሽ ቆመው ያዩዋታል።

«እንግዲህ አይተውታል፤ ይውሰዷት» አለች ውዴ፣ እንባዋ እየመጣ።

«ወዴት ነው የምወስዳት?» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ። «እኔ ብሆን አፍሬ ዝም እል ነበር። ገሳይም አራሷን ከሰል አቀጣጥለን ነው የምናሞቃት። ስሄድ የኔንም መስኮት እከፍታለሁ። ልጅቱ እርስዎ ዘንድ ትሁን።»

አንቱ ሲሏት የመጀመሪያ ቀናቸው ነው።

አዲስዓለም በደህና ሴት ልጅ ተገላገለች። ጎረቤት ገንፎ ሊበላ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል ሲመጣ ውዴ በር ላይ ታስቆመዋለች። ሕፃኗ በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ከሰል እዚያ ክፍል ዝር አይልም።

«ቆዩ፣ ልጅቱ የትም አትሄድም» ትላለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። «መጀመሪያ መስኮቱን እዩ። በገዛ እጄ ነው የናድሁት።»