የሴልቪ የማክሰኞ መዝሙር

ሐኪሞቹ የሚስቱን የመተንፈሻ መሣሪያ ከሰዓት በኋላ እንደሚነቅሉት ሲነግሩት፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ ሥራዬ ራሱን ነቅንቆ ወደ ክፍሉ ተመለሰና ስልኩን አውጥቶ መዝሙር መፈለግ ጀመረ።

ሚስቱ ሴልቪ አንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሶ ከወደቀች ወዲህ ዓይኗን አልገለጠችም። ከደቡብ ሕንድ የመጣች የታሚል ሰው ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሥራዬ አውቶቡሱን ሊነዳ ሲወጣ፣ እሷ ሙሩጋን ለሚባለው አምላኳ መብራት ለኩሳ አንዲት መዝሙር ትከፍት ነበር። አንዴ ታማ ተኝታ ሳለች፣ «ስሞት ይቺ ጆሮዬ ላይ ትሁን» ብላዋለች። እሺ ብሏታል። አሁን ግን የመዝሙሯን ስም አያውቅም፣ ቋንቋውንም አያውቅም። የእሷ ስልክ ደግሞ አብሯት ወድቆ አልበራ ብሏል።

ሙሩጋን፣ ታሚል፣ ጠዋት እያለ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈ። ስፍር ቁጥር የሌለው መጣለት። አንዱን ከፈተ፤ ወንድ ነው የሚዘምረው፣ የእሷ ሴት ነበረች። ሌላው ከበሮው ይጋልባል። ሌላው ትንሽ ሄዶ ቀጥ አለና ስለ መኪና ኢንሹራንስ ማስታወቂያ ይለፈልፍ ጀመር። ነፍሷ ስትወጣ የምትሰማው ይሄንን ነው? ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ ዳውንሎድ ማድረግ አለበት።

ታላቅ ወንድሙ ተክለ ጻድቅ እዚሁ አሜሪካ ካለችው ከታኮማ ከተማ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

«ምን ያታግልሃል? እኔ ስልክ ላይ የእመቤታችን መዝሙር አለ፤ እሱን እንክፈትላት» አለው።

«የእሷ አይደለም፣ ወንድም ጋሼ።»

«ምንም ከሌለ ይሻላል ብዬ ነው።»

«እሱን እኔ ስሞት ትከፍትልኛለህ። አሁን ስልክህን አውሰኝ።»

መዝሙሯን የምታውቅ አንዲት ሰው አለች፤ ሕንድ አገር፣ ማዱራይ ከተማ የምትኖረው የሴልቪ እህት፣ ቫሳንቲ። ሴልቪ ሐበሻ ካገባች ወዲህ ቤተሰቡ ፊቱን አዙሮባታል። ሠርጋቸው ሰሞን ሥራዬ ሲደውልላት ቫሳንቲ ጆሮው ላይ ዘግታበታለች። ቁጥሯ ግን እስከ ዛሬ ስልኩ ውስጥ ነበር። በወንድሙ ስልክ ደወለ።

«የሴልቪ ባል ነኝ፤ እባክሽ አትዝጊው» አለ በእንግሊዝኛ። «እየሞተች ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ የምትሰማት መዝሙር ነበረች፤ ስሟን ንገሪኝና ሌላ አላስቸግርሽም።»

የዘጋችው መስሎት ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ አየ። አልተዘጋም።

«አንጎራጉርልኝ» አለች በመጨረሻ።

ሥራዬ ድምፅ የለውም። ቢሆንም ቃሉን ሳያውቅ፣ ዜማውን ብቻ አንጎራጎረላት። አልጨረሰውም፤ ስታለቅስ ሰማት።

«እናታችን የምትወዳት ናት» አለች። «እዚያ የምትፈልግበት ቦታ አታገኛትም። የሰፈራችን ቤተ መቅደስ ድሮ በካሴት ያስቀዳት ናት። ድረ ገጹን እልክልሃለሁ።»

የራሱን ስልክ ቁጥር ነገራትና ላከችለት። ገጹ ከላይ እስከ ታች የታሚል ፊደል ነው። አንዱን ሲነካ የሎተሪ መንኮራኩር ብቅ አለ፤ ሌላውን ሲነካ ስልክህ በቫይረስ ተይዟል አለው። ጣቱ በላብ ይንሸራተታል። ቫሳንቲ በወንድሙ ስልክ እየመራችው፣ «የዶሮ ላባ የመሰለችው ፊደል አጠገብ፣ አረንጓዴው» ስትለው ነካው። መውረድ ጀመረ፤ እንደ ኤሊ። በሩ ተከፈተና ሐኪሟ ከነርሷ ጋር ገባች።

«እባካችሁ ትንሽ ጠብቁኝ» አለ ሥራዬ።

ሐኪሟ ሰዓቷን አላየችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ወርዶ ሲያልቅ ስልኩን ትራሱ ላይ፣ የሴልቪ ጆሮ ሥር አደረገው። ካሴቱ ይንኮሻኮሻል፤ ከዚያ የሴትዮዋ ድምፅ መጣ። ራሷ ናት። ተክለ ጻድቅ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመ። መሣሪያው ተነቀለ። ሴልቪ በራሷ ጥቂት ተነፈሰች፤ ትንፋሿ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ሥራዬ እጇን ይዞ አብሯት የሚተነፍስ ይመስል ነበር። ጣቶቿ አልተንቀሳቀሱም፤ ዓይኗም አልተገለጠም። ሰምታ እንደሆነ የሚነግረው የለም።

«ሄደች?» አለች ቫሳንቲ፣ ገና ባልተዘጋው በወንድሙ ስልክ።

«ሄደች።»

መዝሙሯ እንደቀጠለች ነው። ማንም ሊዘጋት አልፈለገም። ቆይታ ቫሳንቲ፣ «ፀጉሯ ሸብቶ ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

ሥራዬ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ስንት ዓመት ያየውን ፀጉር።

«ከፊት ከፊቱ» አላት። «ቀለም መቀባት አትወድም ነበር።»