የክዳኑ ድምፅ

የአብስራ አራቱንም ክሮች ሲመታቸው ጊታሩ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ንብ ጥዝዝ ብሎ ዝም አለ።

"ረሻድ፣ ለልጁ ክዳን ሸጥክለት? ድስቱንስ ለማን አስቀረኸው?" አሉ ምድጃ ሊያሠሩ የመጡት እትዬ ደሚቱ።

የአብስራ አንገቱን ደፋ። ጊታሩን ከትናንት ወዲያ እዚሁ ጌጃ ሰፈር፣ ከጋሽ ረሻድ ቆርቆሮ ቤት ነው የገዛው። እሳቸው በእጃቸው የሠሩት ባለ አራት ክር ጊታር ከባልዲዎቹ መሃል ተሰቅሎ አይቶ፣ ከምሳው እየቀነሰ ያጠራቀመውን ሁሉ ሰጠ። የፋብሪካውንማ በሕልሙም አይገዛው። ሆዱ ላይ ከአሮጌ የድስት ክዳን የተቀጠቀጠ ስስ ሳህን አለው፤ ያን ቀን በአውራ ጣቱ ሲነካው አንዳች ድምፅ መልሶለት ነበር። ዛሬ ግን ድምፁ ስለጠፋበት፣ ሰው እንዳያይበት በአንሶላ ጠቅልሎ መልሶ አመጣው።

"ካልሠራ ብርህን ትወስዳለህ" አሉ ጋሽ ረሻድ። "ላሜራው ለእትዬ ምድጃ ይሆናል።"

"ብሩን አይደለም የፈለግኩት፣ ጋሼ።"

ጋሽ ረሻድ የሚያፈስ ድስት እንደሚመረምሩት ሁሉ ሳህኑን በጥፍራቸው አንኳኩተው ጆሯቸውን አስጠጉ። ድፍን አለ።

"የሳህኑን ብሎኖች ማን አጠበቃቸው?"

"እኔ ነኝ። እንዳይወልቅ ብዬ።"

"አንቀኸዋል እኮ! ክዳን እንፋሎት ሲያነሳው አይደል የሚንጫጫው? ታስሮ ምን ይናገር?"

ካቻቢቴ አንስተው አንዱን ብሎን ላላ አድርገው አንኳኩ፤ ሌላውን ላላ አድርገው አንኳኩ። ስምንተኛው ላይ ሳህኑ እንደ ብርጭቆ ጮኸ። ክሮቹ የሚያርፉበትን የወይራ እንጨት በሞረድ ጥቂት ፋቅ ፋቅ አድርገው ጊታሩን ዘረጉለት።

"እኔ መቃኘት አላውቅም። በል እስቲ።"

የአብስራ በስልኩ እየለካ አራቱን ክሮች ቃኘ። ከዚያ መታቸው።

ድምፁ ከእጁ የወጣ አልመሰለውም። ቤቱን ሞላው፤ የተሰቀሉት ባልዲዎች ሁሉ በየሆዳቸው ተቀብለው አንጎራጎሩ። ጎረቤት ሱቅ ሲቀጠቅጥ የነበረው መዶሻ ቆመ። የአብስራ መልሶ ለመምታት ፈራ።

"በሞትኩት!" አሉ እትዬ ደሚቱ፣ አፋቸውን ይዘው። "ያ ክዳን ነው ይሄ?"

ጋሽ ረሻድ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ሠላሳ ዓመት ክዳን ስቀጠቅጥ" አሉ በዝግታ፣ "ይሄ ሁሉ ውስጡ ነበር?"

የአብስራ ጊታሩን ከገዛ ወዲህ ቤቱ ሲሞክረው በሩን ዘግቶ፣ ለግቢው ተከራዮች እንዳይሰማ ከሥሩ ብርድ ልብስ ይወትፍ ነበር። አሁንም ጊታሩን ጠቅልሎ ሊሄድ አንሶላውን አነሳ። አብረውት ያንጎራጎሩትን ባልዲዎች ቀና ብሎ አያቸው።

አንሶላውን አራት አጥፎ ደጃፉ ላይ አነጠፈው፤ ጊታሩን ታቅፎ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ተቀመጠበት።