የሃያ አራተኛዋ አድማጭ ነጥብ

ራድካ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ድምፅ በጠባብ የሬዲዮ መስመር እንዲያልፍ ስትጨምቅ ኖራለች። እናቷ ሥራዋን ለጎረቤት ማስረዳት ቢያቅታት «ስልክ ቤት ናት» ብላ ትገላገላለች። የሠራችው የመጭመቂያ ዘዴ ለባቡር ሬዲዮ ይመረጥ እንደሆነ የሚለየው ዛሬ በሃያ አራት ሰዎች ጆሮ ነው። ሃያ ሦስቱ ጨርሰዋል፤ ነጥባቸውም ከጠበቀችው በላይ ነው። የቀሩት በብርኖ ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ባቡር በሬዲዮ ሲያሰማሩ ኖረው ጡረታ የወጡት ወይዘሮ ድራሆሚራ ብቻ ናቸው።

አድማጭ ማዳመጫ አድርጎ ለሚሰማው ንባብ ሁሉ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጣል። መሀል ላይ ሳይነገረው አራት ጊዜ ያልተጨመቀ ጥሬ ቅጂ ይገባበታል። ለጥሬው ከአራት በታች የሰጠ ሰው ጆሮው አይታመንምና ወረቀቱ ይሰረዛል። ደንቡ ይሉኝታ አያውቅም።

ሴትዮዋ ለራድካ ዘዴ አምስት፣ ለጥሬው ደግሞ አራቱንም ጊዜ ሁለት ሰጡ። ራድካ ግራ ገባት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህኛው ላይ ምን ሰምተው ነው? ይንኮሻኮሻል?»

«ኧረ ጥርት ያለ ነው። ሰውየው ነው እንጂ ደህና ያልሆነው።»

«የአየር ሁኔታ እያነበበ እኮ ነው፣ ወይዘሮ ድራሆሚራ።»

«ያንብባ። ስንቱ ሾፌር ‹ምንም አልሆንኩም› ብሎኛል መሰለሽ፣ ልጄ። በዚህ ድምፅ ያለኝን ባቡሩን አስቁሜ ተተኪ እልክ ነበር። ሌሎቹ ቅጂዎች ላይ ይሄ ነገሩ የለም፤ ድኖ ነው መሰል።»

ጥሬውም የተጨመቀውም የተሠራው ከአንድ ንባብ ነው፤ ያነበበው የሥራ ባልደረባዋ ኦታካር ነው። ራድካ ድምፁን ወር ሙሉ ቆራርጣ ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች። ወረቀቱን እንደ ደንቡ ሰርዛ ወደ ቤቷ መሄድ ትችል ነበር፤ የሚወቅሳትም የለም። እሷ ግን ደረጃውን ወጥታ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች።

«ኦታካር፣ ደህና ነህ?»

«ምን እሆናለሁ። ደህና ነኝ።»

ሴትዮዋ ያሉትን ነገር አሁን በድምፁ ውስጥ ሰማችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጉሮሮዬ ላይ እብጠት አግኝተውብኛል» አላት። «ያን ቀን ከሐኪም ቤት ቀጥታ ነበር ለንባቡ የመጣሁት። ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ጥድፊያ ላይ ነበርሽ።»

ቢሮው እስኪዘጋ አብራው ቆየች። በማግስቱ የሃያ አራቱንም አድማጮች ወረቀት አያይዛ ለመራጮቹ አስገባች። ከላይ በእጅ ጽሑፏ «ዘዴዬ የሰው መታመም እንዳይሰማ ያደርጋል፤ ለባቡር አይሆንም» ብላ ፈርማበታለች።