ለአንድ ሰው ብቻ

ጭርርር… ቀጭ። ደግሞ ጭርርር።

ዘመነ ዓይኑን ሳይገልጥ ሰማው። ካርቶን ሲቀደድ የሚወጣ ድምፅ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከዚሁ ድምፅ ጋር ተኝቶ ከዚሁ ድምፅ ጋር ስለተነሳ፣ ለአንድ አፍታ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው የተመለሰ መሰለው። እህቱ ሕሊና ጓዳ ውስጥ ተንበርክካ፣ የእርሳሱን ጫፍ ነክሳ፣ "ተኛ አንተ፤ ያንተን ፊት አይደለም የምቆርጠው" ልትለው ነው። ከዚያ የድንኳኑ ሸራ በንፋስ ተመታ፤ ያቆረው ዝናብ ደጅ ላይ ዷ ብሎ ፈሰሰ፤ ድንኳኑ የሕሊና የለቅሶ ድንኳን መሆኑ ትዝ አለው።

የጫማውን ክር ሳያስር ወጣ።

ጓሮ ውስጥ የእድሩን ሴቶች የሚያስተባብሩት እትዬ ሽታዬ ከጓዳ ያወጡት የካርቶን ክምር ፊት ቁጢጥ ብለዋል። ግማሹን እየቀደዱ ድንኳን ውስጥ ጭቃው ላይ እንዲነጠፍ ይሰጣሉ፤ ግማሹን የንፍሮው ድስት ሥር ይማግዳሉ።

"ምን እያደረጉ ነው እትዬ ሽታዬ?"

"ምን ላድርግ ልጄ? መሬቱ ረጠበ፣ እንጨቱ ረጠበ። ሰው ጭቃ ላይ ተቀምጦ ያልቅስ? ይኼ እንደሆን ለምንም የማይሆን ካርቶን ነው።"

"የሕሊና ነው።"

እጃቸው ቆመ። የያዙትን ቁራጭ ገልብጠው አዩት። የብስኩት ካርቶን ነው፤ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ቀጥ ያለ መሥመር ተሠምሮበታል።

"አፈር ልብላ እኔ" አሉ። "ምኑን ከምኑ ልለየው?"

"ያለቀ ነገር ነበረበት? ቅርጽ ያለው?"

"እኔ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን ነው ያነሳሁ። የቀብሩ ለት ግን እሳቱ ላይ የነበርኩት እኔ አይደለሁም።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሰው ብዙ ነበር፣ ያገኘውን ነው የሚማግደው።"

ዘመነ አመዱን አየ። አመድ ከአመድ አይለይም።

ሕሊና የሥነ ጥበብ ትምህርቷን የመጨረሻ ሥራ ጨርሳ ነበር። "ጨረስኩ" ብላ በነገረችው ማግስት ነው ትኩሳቱ የያዛት። ምን እንደሆነ ግን አልነገረችውም። "ኤግዚቢሽኑ ላይ ሲቀርብ ከሰው ጋር ታያለህ" አለችው፤ "አሁን ከነዘነዝከኝ እጅህን ድጋሚ በጀሶ ነው የማስርልህ።" ካለቀ በኋላ ማቅረብ ብቻ ነበር የቀራት።

*

ወደ ቀትር ላይ አክስቱ ጥላነሽ ጓዳ በር ላይ ያዙት። የአባቱ እህት ናቸው፤ ከሌላው የደምበጫ ዘመድ ቀድመው ደርሰዋል። ድምፃቸው ከመንገድ ልቅሶ ብዛት ሻክሯል።

"ነገ የአገር ቤቱ ሰው ሁሉ ይገባል" አሉት። "እንደ አገራችን ነው የምናለቅስላት። የገበሬ ሞፈሩ ይያዛል፣ የሽማግሌ ከዘራው። የአባትህ ለት ጅራፉን ይዤ መሐል የገባሁት እኔ ነኝ። የእሷን ምን ልያዝ?"

"ቀሚሷን ይያዙ አክስቴ።"

"ቀሚስ የሴት ሁሉ ነው። የእሷን ነው ያልኩህ። ዓመቱን ሙሉ ስትማር አልነበር? የተማረችው ነገር እጅ እግር የለውም?"

ዘመነ ፊቱን ወደ ድንኳኑ አዞረ። ከድንኳኑ ጫፍ ሁለት ሰዎች ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያወሩ ይሰማል።

"ያን የመሰለ ውጤት ይዛ እኮ ነው። ነርስ ትሆን ነበር።"

"ካርቶን ለቃሚ ሆና ቀረች።"

"ተው፣ ሙት አይወቀስም።"

"ወቀስኩ እንዴ? አዘንኩ እንጂ።"

ዘመነም ቢሆን ሥራዋ ምን እንደሆነ ለሰው ማስረዳት ችሎ አያውቅም። የሚያውቀው፣ ነገ ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ሳለ አንድ ነገር ብቻ ከፍ አድርጎ ቢይዝ፣ እነዚህም ዝም እንደሚሉ ነው። ያ አንድ ነገር ግን ወይ ጠፍቷል ወይ ተቃጥሏል።

ቤት ውስጥ እናቱ፣ የብርጓል፣ ጥጉን ይዛ ተቀምጣለች። ከሥሯ ዝቅ ያለ መቀመጫ፣ በላዩ አጎዛ። አልታጠፍ የሚላትን ግራ እግሯን ዘርግታለች። ከቀብሩ ጀምሮ አላለቀሰችም። ሰው ገብቶ ሲያለቅስ ታየዋለች፤ ሲጨርስ "በሉ እህል ቅመሱ" ትላለች።

"የብርጓል" አሉ ጥላነሽ ከአጠገቧ ምንጣፉ ላይ እየተቀመጡ፤ "ልጅ አፈር ያለበሰች እናት መሬት ነው የምትቀመጥ። ምን ይላል ሰው?"

"ተይኝ ጥሌ። እዚህ ላይ ጉልበቴ አያመኝም።"

"ዛሬ የጉልበት ቀን ነው?"

"እኔ እንጃ። አያመኝም ነው ያልኩሽ።"

ጥላነሽ ወደ ዘመነ ዞር ብለው በዓይናቸው ብቻ ተናገሩ። በኋላ ደጅ ላይ በአፋቸው ጨረሱት፦ "ይኼ ወደ ውስጥ የገባ ዕንባ ይጥላታል። የልጅቷን ነገር ፈልገህ አምጣ። ስታየው ትፈነዳለች።"

*

ሕሊና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ የሥነ ጥበብና ዲዛይን የመሠረት ኮርስ ልትገባ ነው ብላ ስትነግራቸው፣ እናቷ የጠየቀቻት አንድ ነገር ነበር፦ "ከተማ ሳትወጪ ነው?" እዚሁ ማርቆስ መሆኑን ስትሰማ፣ "እንግዲያ ተማሪ" አለቻት። ከዚያ ወዲያ ፕሮጀክት የሚባል ነገር ቤቱን ወረሰው።

የመጀመሪያው የከሰል ሥዕል ነበር፤ የዘመነን እግር በየጎኑ እየሣለች ግድግዳውን ሞላችው። "ሌላ ሰው እግር የለውም?" ሲላት፣ "አለው፤ ግን አርፎ አይቀመጥም" አለችው። እውነቷን ነው። ዘመነ ባጃጅ ነድቶ ከገባ በኋላ ከአልጋው አይነሳም፣ ከሰው አይቀላቀልም፤ ለሥዕል የተፈጠረ ነው። ቀጥሎ ሽቦው መጣ። በአንድ ሽቦ ሳይቆረጥ ፊት መሥራት ነበረባት፤ የእሱን ፊት ሠራች፤ አፍንጫው ረዘመ። ከዚያ ጀሶው። እጁ የጀሶ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ተጣብቆ ደንግጦ ሲጮህ፣ እናቱ ዘይት ይዛ ስትሮጥ፣ ሕሊና መሬት ላይ ተንከባላ ስትስቅ።

የመጨረሻው ፕሮጀክት ሲጀመር ግን እሱን አልጠራችውም። ጓዳውን ዘግታ ካርቶን በካርቶን ላይ በኮላ ስትለጥፍ ትውላለች። ዘመነ ባይናገርም አንድ ነገር ገምቶ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የእሱን እግርና ፊት ስትሠራ የከረመች ልጅ፣ የመጨረሻውን ደብቃ የምትሠራው ለእሱ ካልሆነ ለማን ነው?

*

ዝናቡ ጋብ ሲል አንዲት ልጅ ከባጃጅ ወረደች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ማርቲ ናት፤ የደጀን ከተማ ልጅ፣ ከሕሊና ጎን ተቀምጣ የተማረች። አልቅሳ ከጨረሰች በኋላ ዘመነን ለብቻው ጠራችው።

"ኤግዚቢሽኑ ነገ ነው። መምህራችን ቦታ ትቶላታል፤ ስሟን ጽፎ ለጥፎ ከሥሩ ባዶ ነው። የመጨረሻ ሥራዋን ስጠኝ።"

"ምን እንደሆነ ንገሪኝና ልስጥሽ።"

ተያዩ።

"አንተም አታውቅም?" አለች።

"አላውቅም።"

"እኔ ርዕሱን ብቻ ነው የማውቀው። አንድ ሰው ምረጡ፣ ለኩት፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን ነገር ሥሩ ነው የተባልነው። እኔ አያቴ ክር መርፌ ላይ የሚያስገባላት ነገር ሠራሁ። አይሠራም። አያቴ ግን ደስ ብሏታል።" በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። "ሕሊና፣ 'የእኔ ሰው ልክ አስቸጋሪ ነው' ትል ነበር። ማን ነበር ሰውዋ?"

ዘመነ ትከሻውን ነቀነቀ።

ጓዳውን አንድ በአንድ ፈተሹት። የሽቦው ፊት ተገኘ፤ ከነረዥም አፍንጫው። የጀሶው እጅ ትንሿ ጣቱ ተሰብራ ተገኘ። የኮላ ጣሳ፣ የደነዘ ካተር፣ የልብስ ሰፊ ሜትር። የከሰል እግሮች። ሌላ ምንም የለም። ማርቲ ሜትሩን አንስታ በጣቷ ጠቀለለችው፣ ፈታችው።

"ተቃጥሏል ማለት ነው" አለ ዘመነ። እንዲህ ሲል ድካሙ ሁሉ አንድ ላይ መጣበት፤ የድንኳን ገመድ መሳቡ፣ የማያውቀውን ሰው ትከሻ መሳሙ፣ "እግዜር ያጽናችሁ" ሲባል ማጎንበሱ። በሩን ተደግፎ ቆመ።

"እናትህን ተሰናብቼ ልሂድ" አለች ማርቲ።

ገብታ የብርጓል እግር ሥር ተንበረከከች፤ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ ስትል ሚዛኗን ለመጠበቅ እጇን መቀመጫው ጠርዝ ላይ አሳረፈች። እጇ እዚያው ቀረ። ጣቶቿ አጎዛው ሥር ገብተው ጠርዙን ቀስ ብለው ዳሰሱት። እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ድርብርብ ካርቶን ነው።

"ምነው ልጄ?" አለች የብርጓል።

"ምንም። እግዜር ያጽናዎት።"

ማርቲ ቀና ብላ ዘመነን አየችው። እሱም አየ። መቀመጫው በግራ በኩል ከፍ ብሎ ወደ ፊት አዘንብሏል፤ የማይታጠፈው እግር እንዲያርፍበት። በቀኝ በኩል እጅ ተመርኩዞ ለመነሳት የሚሆን እጀታ አለው። ላዩ በቀይ አፈር ተቀብቶ እንጨት መስሏል።

ያኔ ግንቦት ላይ የሆነው መጣለት። ሕሊና ሜትሩን እናቷ ጉልበት ላይ ጠምጥማ።

"ሱሪ ልትሰፊልኝ ነው?"

"አዎ፣ ጂንስ።"

"የተቀደደውን እንዳይሆን አደራ።"

ከዚያ ቁጭ በይ፣ ተነሽ፣ ቁጭ በይ፣ ተነሽ፤ እናትየው እስክትሰለች፦ "ሕማማት አስመሰልሽው እኮ! ስግደት ነው ልኬት?" ዘመነ አልጋው ላይ ሆኖ ሰምቷል። ለአዲስ ዓመት ልብስ ልታሰፋላት መስሎት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።

ከማርቲ ጋር ደጅ ወጡ። እትዬ ሽታዬን ጠየቃቸው።

"እናቴ የተቀመጠችበትን ማን አመጣው?"

"እኔ ነኛ። የቀብሩ ለት እግሯ አልታጠፍ ብሏት መሬት ስትንፈራገጥ አላስቻለኝም። ጓዳ በር ላይ አገኘሁት። እንጨት ነው ብዬ ሳነሳው ቀለለኝ። ምነው፣ አበላሸሁ?"

"አላበላሹም" አለ ዘመነ።

ማርቲ ባጃጁ ውስጥ ከመግባቷ በፊት፣ "ነገ ከለቅሶው በኋላ እመጣለሁ" አለችው። "ቦታው ክፍት ይቆያል።"

"እሺ" አላት። አክስቱ ይዘው እንዲያለቅሱበት፣ ማርቲ ወስዳ እንድታቀርበው፣ ሁለቱንም ፈልጎ ነበር። እናቱን ከላዩ እንዴት እንደሚያስነሳት ግን አላወቀም።

*

በማግስቱ የደምበጫው ሰው ከመንገዱ ማዶ ዋይታውን ለቆ ገባ። ድንኳኑ ፊት ያለው ሜዳ ሞላ፤ ክብ ሠሩ። ጥላነሽ መሐል ገቡ፤ በሻከረው ድምፃቸው አወረዱት፦

"የገበሬው ሞፈር፣ የወታደር ጓንዴ፣
ያንቺን ምን ይዤ ላልቅስ፣ እስኪ ንገሪኝ አንዴ።"

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ጥላነሽ ወደ ቤቱ ዞረው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። የአጥሩ በር ላይ ማርቲ ለቅሶው እስኪያልቅ ከባጃጁ አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች።

ዘመነ ወደ ውስጥ ገባ። ቤቱ ባዶ ነው፤ ሰው ሁሉ ሜዳው ላይ ነው። እናቱ እዚያው ጥጉ ጋ ናት። ከፊቷ ቁጢጥ አለ።

"እየጠሩህ ነው" አለችው።

"የሕሊናን የእጅ ሥራ አምጣ ነው የሚሉኝ።"

"ስጣቸዋ።"

"አንቺ ተቀምጠሽበታል እማ።"

ውጭ ሙሾው ተደገመ።

"ለአንቺ ነው የሠራችው" አለ፤ "ለአንቺ ብቻ። ሜትሩ ትዝ ይልሻል?"

የብርጓል እጇን አጎዛው ሥር ሰደደች። ግራውን ዳሰሰች። ቀኙን ዳሰሰች። እጀታው ጋ ስትደርስ ጣቷ ሳያስበው ያዘው፤ ለካ ስትነሳ ስትቀመጥ ሰንብታበታለች። ተመርኩዛው፣ ዘመነ ክንዷን ሳይይዛት፣ ተነሳች። አጎዛውን ገፈፈች። ረጅም ጊዜ አየችው።

"ለዚህ ነው ያሰገደችኝ" አለች።

ከዚያ መቀመጫውን አንስታ ጀርባዋ ላይ አደረገችው። ጋቢዋን በላዩ ጣለችና ደረቷ ላይ አጥብቃ ቋጠረችው፣ ልጅ እንደሚታዘል። ዘመነ ከኋላ ሊደግፍላት እጁን ዘረጋ፤ አልጠበቀችውም።

ስትወጣ ሙሾው ተቋረጠ። ክቡ ተከፈተላት። ጥላነሽ የዘረጉትን እጅ ወደ እሷ አዞሩ፤ አጠገባቸው አለፈች። ማርቲ የባጃጁን ሸራ ገለጥ አደረገች፤ እሷንም አለፈቻት።

"ወዴት ነች? የብርጓል! ወዴት ነው?" አሉ ጥላነሽ።

የብርጓል አልዞረችም። ግራ እግሯን እየጎተተች ጭቃውን ይዛ፣ ሕሊና ወደተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው መንገድ ወደ ላይ ወጣች። ባሕር ዛፉ ጋ ስትደርስ እጇን ወደ ኋላ ሰዳ፣ ያዘለችውን ከሥሩ መታ መታ አደረገችው።